ዑድ፣ ክራርና ሞንታርቦ፦ በሐረር የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር

  ከፊት የተቀመጣችሁ አባቶችና እናቶች የንግግሩን ርእስ ስትሰሙ «ዑድን ከኤሌክትሪክ ጋር ምን አገናኘው?» ሳትሉ አልቀራችሁም። ከኋላ ያላችሁት ወጣቶች ደግሞ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ሽቦና ጃክ እያያችሁ ወሬው አልቆ ሙከራው ቢጀመር ትመርጣላችሁ። ሁለቱንም ወገን ላለማስከፋት እሞክራለሁ።

ዓላማዬ፣ ክር ያላቸው የሙዚቃ መሣሪያዎች ድምፃቸው በኤሌክትሪክ እንዲጎላ ታስቦ ሲሠሩ ምን ምን ነገር መታየት እንዳለበት ማስረዳት ነው። አቋሜንም ከወዲሁ ልናገር። በእኔ እምነት ዑድ ከሠርጋችን እየራቀ የመጣው ወጣቱ ስለጠላው አይደለም። ስላልተሰማ ነው። ያልተሰማውም ድምፁን በልኩ የሚያወጣለት ዕቃ ማንም ተቀምጦ ስላልሠራለት ነው። ይህን ለማሳየት በመጀመሪያ ድምፅ ማጉላት የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ እናገራለሁ። ከዚያ በውጭው ዓለምና በአዲስ አበባ የተሞከረውን አይተን በመጨረሻ ወደ ዑዱና ወደ ከተማችን እንመለሳለን። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

እንግዲህ ከክሩ እንነሣ። ክር ብቻውን ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል። ቀጭን ስለሆነ አየሩን ሰንጥቆት ያልፋል እንጂ አይገፋውም። አየሩን የሚገፋው ክሩ ያረፈበት ብርኩማ ከሥሩ የሚያንቀጠቅጠው ሰፊ ነገር ነው፤ በክራርና በማሲንቆ የተወጠረው ቆዳ፣ በዑድና በቫዮሊን ስሱ የእንጨት ፊት። ስለዚህ የአንድን መሣሪያ ድምፅ ከሦስት ቦታ መውሰድ ይቻላል። አንዱ ራሱ ክሩ ነው፣ ሌላው ብርኩማው ነው፣ ሦስተኛው ከመሣሪያው ፊት ያለው አየር ነው። ማይክ አየሩን ያዳምጣል። የጊታር ፒክአፕ የምንለው ማግኔት ክሩን ያዳምጣል። ፒዬዞ የሚባለው ደግሞ የብርኩማውን ጫና ያዳምጣል። ሦስቱ የሚሰሙት አንድ ዓይነት ድምፅ አይደለም። ብዙ ሰው ማጉላት ማለት ያለውን ድምፅ እንዳለ ማሳደግ ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። ማጉላት ማለት ከመሣሪያው ድምፅ የትኛውን ክፍል እንደምንፈልግ መምረጥ ነው፤ ያልመረጥነው ክፍል ሞንታርቦው ጋ አይደርስም።

ማይኩን እንውሰድ። ጸጥ ባለ ስቱዲዮ ውስጥ ከማይክ የተሻለ የለም፤ መሣሪያውን ጆሯችን በሚሰማው መንገድ ይሰማዋል። ችግሩ የሚመጣው ድንኳን ውስጥ ነው። ከሞንታርቦው የወጣው ድምፅ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ይገባል፣ ሚክሰሩ ያሳድገዋል፣ እንደገና ይወጣል፣ እንደገና ይገባል። ሁላችሁም የምታውቁት ያ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ይህ ነው። የዑድ ሆድ ደግሞ ትልቅና ባዶ ስለሆነ ከሞንታርቦው የሚመጣው ድምፅ ፊቱን ራሱን ያንቀጠቅጠዋል። ሳውንድማኑ ያለው ምርጫ ድምፁን መቀነስ ነው። ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ ዑድ መቺው ጣቱ ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ አይሰማም። ከጎኑ ያለው ኪቦርድ ግን በአንድ ኬብል ገብቶ እንደ ልቡ ይጮኻል። ኪቦርዱ ያሸነፈው በሙዚቃ በልጦ አይደለም፤ በጃክ ነው።

ማግኔቱ ይህን ፉጨት በእጅጉ ይቀንሰዋል። ማግኔት ላይ ቀጭን የመዳብ ሽቦ በሺዎች ዙር ይጠመጠማል። ከላዩ የብረት ክር ሲንቀጠቀጥ የማግኔቱ መስክ ይነቃነቃል፣ በሽቦው ውስጥም ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። «የብረት ክር» ማለቴን ልብ በሉልኝ። ከጅማት፣ ከናይለን ወይም ከፈረስ ጭራ የተሠራ ክር ማግኔት ላይ ሌሊቱን ሙሉ ቢመታ ማግኔቱ አይሰማውም። ዑድ በናይለን ይታሠራል፤ ወፍራሞቹ ክሮቹ ላይ የሚጠመጠመው ብረትም አብዛኛውን ጊዜ ብር የተቀባ መዳብ ስለሆነ ማግኔት አይስበውም። ማሲንቆ የፈረስ ጭራ ነው። ስለዚህ ለሁለቱ ማግኔት ከመጀመሪያው አይሆንም።

የቀረው ፒዬዞ ነው። አንዳንድ ድንጋዮችና ጨዎች ሲጫኗቸው ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ ፒዬርና ዣክ ኩሪ የተባሉት ወንድማማቾች ፓሪስ ውስጥ ያሳዩት በ1880 ነው። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ሌላ ፈረንሳዊ፣ አርቱር ራምቦ፣ ለባርዴ ንግድ ቤት ተቀጥሮ ሐረር ገባ። ሁለቱ ነገሮች ምንም ግንኙነት የላቸውም። የጠቀስኩት የራምቦን ስም በየቀኑ የምንጠራ ሰዎች የኩሪዎቹን ግኝት በየቀኑ እንደምንጠቀምበት እንድናስታውስ ብቻ ነው። የሚጮኸው የልደት ካርድ፣ የእጅ ሰዓት ማንቂያ፣ የልጆች መጫወቻ ውስጥ ያለችው የነሐስ ክብ ሳንቲም የመሰለች ነገር ፒዬዞ ናት። ኤሌክትሪክ ስትሰጧት ትጮኻለች፤ ስትጫኗት ደግሞ ኤሌክትሪክ ትሰጣለች።

ይህችውላችሁ። ወርዷ 27 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች በይጄላታለሁ። ጠረጴዛው ላይ ባለው ዑድ ፊት ላይ፣ ከብርኩማው አጠገብ፣ በሁለት ጎን በሚጣበቅ ፕላስተር አሥሬያታለሁ። አሁን ቀጥታ ሚክሰሩ ውስጥ ልክተታት። (እዚህ ላይ ተናጋሪው ዑዱን ጥቂት መትተው አሰሙ።) ሰማችሁት? ቀጭን፣ ደረቅ፣ ቆርቆሮ ቆርቆሮ የሚል ድምፅ ነው። ብዙዎች ይህን ሰምተው «ፒዬዞ ለዑድ አይሆንም» ብለው ትተውታል። ጥፋቱ ግን የፒዬዞዋ አይደለም። አሁን በፒዬዞዋና በሚክሰሩ መካከል ይህችን በ9 ቮልት ባትሪ የምትሠራ ትንሽ ሳጥን ላስገባ። ዑዱም፣ ክሩም፣ እጄም ያው ነው። (ዑዱ በድጋሚ ተመታ።) ወፍራሙ ክር አሁን ደረታችሁ ላይ አረፈ አይደል?

የሆነው ምንድን ነው? ፒዬዞዋ ኤሌክትሪክ ታመነጫለች እንጂ አቅም የላትም። በኤሌክትሮኒክስ ቋንቋ 20 ናኖፋራድ ገደማ የምትይዝ ኮንደንሰር ናት። የሚክሰሩ መግቢያ 10 ኪሎ ኦም ከሆነ ሁለቱ ተገናኝተው ከ800 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ ሁሉ ያዳክሙታል። የዑዱ ወፍራም ክር 65 ኸርዝ አካባቢ ሊወርድ ይችላል። የወንድ ንግግር መሠረታዊ ድምፅም ብዙ ጊዜ ከ150 ኸርዝ በታች ነው። ስለዚህ የዑዱ ሆድ ተቆርጦ ጥፍሩ ብቻ ቀረ ማለት ነው። ሳጥኗ ግን መግቢያዋ 1 ሜጋ ኦም ነው፤ መቶ እጥፍ። ያን ጊዜ የሚቆረጠው ከ8 ኸርዝ በታች ያለው ነው፤ ይህ ደግሞ ጆሯችን ከሚሰማው በታች ስለሆነ የጠፋ ነገር የለም። በሳጥኗ ውስጥ ያለው አንድ ትራንዚስተርና ጥቂት ሬዚስተር ነው። አንድ ሚሊ አምፒር ብትወስድ አንድ ደህና ባትሪ 500 ሰዓት ያህል ይይዛታል። በዚህ ከተማ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ የሚጠግን ማንኛውም ባለሙያ ከምሳ በፊት ሠርቶ ሊያስረክባችሁ ይችላል።

ስለ ዕቃው ይህን ያህል ካልኩ ወደ ሁለተኛው ነጥቤ ልለፍ፤ ሌሎች ምን አደረጉ?

የኤሌክትሪክ ጊታር ታሪክ ብዙ ተወርቷል። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ጆርጅ ቦሻምና አዶልፍ ሪከንባከር የጀመሩት ነው። ብዙ የማይወራው ይኸው ኩባንያቸው በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ የኤሌክትሪክ ቫዮሊንም መሥራቱ ነው። ስተፍ ስሚዝ የተባለው የጃዝ ቫዮሊኒስትም በነሐስ መሣሪያዎች መካከል ለመሰማት ቫዮሊኑን በኤሌክትሪክ ያጎላው በዚያ ዘመን ነበር። ፌንደር በ1958 የኤሌክትሪክ ቫዮሊን አውጥቶ ብዙ ሳይቆይ ተወው፤ በ1969 እንደገና ሞከረ። ጊታሩ ዓለምን ሲያጥለቀልቅ ቫዮሊኑ ለምን ተንገዳገደ ብለን ብንጠይቅ መልሱ ለእኛም ይጠቅመናል።

ጊታር ሲመታ ድምፁ በአንድ ጊዜ ይወለድና ይሞታል። ማግኔት የወሰደው ድምፅ ከእንጨቱ ድምፅ ቢለይም ራሱን የቻለ አዲስ ድምፅ ሆኖ ሰው ወደደው። በደጋን የሚገዘገዝ መሣሪያ ግን ሌላ ነው። ደጋኑ ክሩን በየቅጽበቱ እየያዘ ይለቀዋል፤ ክሩ የሚሰጠውም ብርኩማ ላይ ስል ጥርስ ያለው ሻካራ እንቅስቃሴ ነው። ያን ሻካራ ነገር አለስልሶ ቫዮሊን የሚያደርገው የእንጨቱ ሳጥን ነው። በሳጥኑ ውስጥ ያለው አየር ብቻውን 280 ኸርዝ አካባቢ ያስተጋባል፤ ፊቱና ጀርባው ከዚያ በላይ የየራሳቸው ድጋፍ አላቸው። ሳጥኑን አውጥታችሁ በደረቅ እንጨት ብትተኩት ፉጨቱ ይጠፋል፤ ቫዮሊኑም አብሮ ይጠፋል። ሠሪዎች ይህን ለመረዳት አሥርት ዓመታት ወሰደባቸው። ያማሃ በ1997 ያወጣው «ዝምተኛ» የተባለው ቫዮሊን የመሣሪያውን ልክና ሚዛን ጠብቆ የጎደለውን ማስተጋባት በኤሌክትሮኒክስ ለመመለስ የሞከረ ነው። ዋናው ትምህርት ይህ ነው፤ ከመሣሪያው አካል የምትቀንሰውን ነገር ሥራውን ሳታውቅ አትቀንስ።

ወደ አገራችን እንምጣ። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ በ1963 ሲቋቋም መሥራቹ ሐሊም ኤል ዳብ የተባለ ግብፃዊ የሙዚቃ ሊቅ ነበር። ይህ ሰው ገና በ1944 ካይሮ ውስጥ የዛር ሥርዓት ድምፅ በሽቦ መቅጃ ቀርጾ፣ ቀረጻውን ራሱን እየለዋወጠ ሙዚቃ የሠራ፣ በዓለም የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ፋና ወጊ ከሚባሉት አንዱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው አዲስ አበባ መጥቶ ክራርን፣ ማሲንቆን፣ ዋሽንትንና በገናን አንድ መድረክ ላይ ሲያሰባስብ ሽቦ አልጨመረባቸውም። እኔ ይህን ሁልጊዜ እንደ ብልህነት ነው የማየው። መጀመሪያ መሣሪያዎቹ እርስ በርሳቸው እንዲደማመጡ አደረገ።

ሙላቱ አስታጥቄ ደግሞ በ2007 እና 2008 በሃርቫርድ የራድክሊፍ ተቋም ተመራማሪ ሳለ የአገራችንን የሙዚቃ መሣሪያዎች በማዘመን ላይ ሠርቷል፤ ክራሩ ዋናው ጉዳዩ ነበር። የእሱ ጥያቄ ግን ከዛሬው ጥያቄያችን ይለያል። እሱን ያሳሰበው ክራር በአንድ ቅኝት አምስት ድምፅ ብቻ ማውጣቱ ነው። እኛ የምንጠይቀው ያለው አምስት ድምፅ ለምን እንደማይሰማ ነው።

ይህን ጥያቄ ከሁሉ ቀድመው የመለሱት አዲስ አበባ የባህል ምሽት ቤቶች ውስጥ የሚሠሩ ክራር መቺዎች ናቸው። ማንም አላስተማራቸውም። የጅማቱን ክር በብረት ተኩ፣ የጊታር ፒክአፕ ገዝተው ከክሩ ሥር አሠሩ፣ ጎድጓዳውን ገበቴ በአራት ማዕዘን የእንጨት ሳጥን ለወጡት፣ ከዚያም ባለ ወፍራም ክር ቤዝ ክራር ጨመሩበት። መሰለ አስማማው በኤሌክትሪክ ክራር ከአውሮፓ የነጻ ጃዝ ሙዚቀኞች ጋር እስከ መቅዳት ደርሷል። ለንደን ላይ ተመሥገን ዘለቀ የሚመራው ክራር ኮሌክቲቭ በ2012 ባወጣው አልበም ክራር፣ ከበሮና ድምፅ ብቻ ይዞ እንደ ሮክ ባንድ መድረክ መሙላት እንደሚቻል አሳይቷል። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ደቦ ከሚባለው ባንድ ጋር የመጣችው አሜሪካዊት ቫዮሊኒስት ኬተ ሆስቴተር «ቋንቋ» የሚባል ባንድ መሥርታ ባለ አምስት ክር የኤሌክትሪክ ቫዮሊኗን ከእንድሪስ ሐሰን ማሲንቆና ከቤዝ ክራር ጋር አሰልፋለች። ቫዮሊኑና ማሲንቆው ተራ በተራ ሲመላለሱ የሰማ ሰው ኤሌክትሪክ የባህል ጠላት ነው ለማለት ይቸገራል።

ሆኖም እነዚህን ክራሮች ቀረብ ብዬ ስመለከታቸው አንድ ነገር ያሳስበኛል። የጊታር ፒክአፕ የተሠራው ለጊታር ነው። ስድስቱ የማግኔት ጫፎች ከአንደኛው እስከ ስድስተኛው 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚይዙት። የክራር ክሮች ግን ከብርኩማው ተነሥተው ወደ ቀንበሩ እየተዘረጉ የሚሄዱ ናቸው፤ ርቀታቸውም ሌላ ነው። ስለዚህ አንዱ ክር ልክ ማግኔቱ ላይ ያርፋል፣ ሌላው ከሁለት ማግኔት መካከል ይወድቃል፣ የዳሩ ጭራሽ ውጭ ይሆናል። አንዱ ይጮኻል፣ ሌላው ያንሾካሹካል። የሰው ጫማ ተውሶ እንደ መሄድ ነው። መቺው ይህን በጣቱ ለማካካስ ይሞክርና ሳይወድ ወደ ግርፍ ያዘነብላል። ክራር ሲገረፍ ሁሉም ክር አንድ ላይ ስለሚጮኽ ጉድለቱ አይታወቅም። የሚጎዳው ድርደራው ነው፤ ካሳ ተሰማና አስናቀች ወርቁ በክራር ያወሩበት የነበረው ያ እያንዳንዱ ክር የየራሱ ክብደት ያለው አመታት። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ከስድስት ትናንሽ ጫፎች ይልቅ አንድ ረጅም ጠፍጣፋ ማግኔት መጠቀም ነው፤ ወይም ሽቦውን ለክራሩ ልክ እዚሁ መጠምጠም ነው። የሞተርና የፋን ሽቦ የሚጠመጥሙ ባለሙያዎች በየከተማው አሉን።

ማሲንቆ ከዚህ የከበደ ነው። ክሩ የጭራ ነው፣ ማግኔት አይሰማውም። ጣት የሚያርፍበት ሰሌዳ የለውም፤ ጣቱ ክሩን አየር ላይ ነው የሚያገኘው። ብርኩማው የቆመው ደግሞ በስስ ቆዳ ላይ ነው። እዚያ ቆዳ ላይ ይህችን የነሐስ ክብ ብትለጥፉ ሁለትና ሦስት ግራም የምትመዝን ነገር እንኳ እንቅስቃሴውን ታፍነዋለች፤ ማሲንቆው ጉንፋን እንደያዘው ሰው ይሆናል። የተሻለው ፒዬዞዋን ቆርጦ አሳንሶ በብርኩማው እግር ውስጥ መቅበር ነው። ስለ በገናም በዚህ አጋጣሚ አንድ ቃል ልናገር። በገናን የሚያስገመግመው በክሩና በብርኩማው መካከል የሚገባው እንዚራ የሚባለው ቁራጭ ቆዳ ነው። ይህን የማያውቅ ሳውንድማን ግምግምታውን እንደ ብልሽት ቆጥሮ ከሚክሰሩ ላይ ይቆርጠዋል። በገናን ከቆረጡ በኋላ የሚቀረው የሰነፍ ጊታር ድምፅ ነው።

አንድ የደኅንነት ጉዳይ ሳላነሣ አልፌ ብሄድ ጥፋት ይሆንብኛል። በየድንኳኑ የምንጠቀምበት ሶኬት ብዙ ጊዜ ኧርዝ የለውም። የማግኔት ፒክአፕ ያለው ክራር ላይ የብረት ክሮቹ ከአምፕሊፋየሩ ጋር ይያያዛሉ፤ ይህ የሚደረገው ያን የ50 ኸርዝ ጉርምርምታ ለመቀነስ ነው። መቺው በአንድ እጁ ክሩን ይዞ በሌላ መስመር ወደተሰካ ማይክ ከንፈሩን ሲያስጠጋ መብራቱ ሊይዘው ይችላል። ይህ ለቀልድ የሚነገር አይደለም፤ በሌላው ዓለም መድረክ ላይ ሰው ገድሏል። ሚክሰሩንና አምፕሊፋየሩን በአንድ የሶኬት መስመር ላይ ሰኩ፤ ኧርዙም በሥርዓት የተያዘ ይሁን። በናይለን ክርና በባትሪ የሚሠራ ፒዬዞ ያለው ዑድ ግን የመቺውን እጅ ከአምፕሊፋየሩ ጋር የሚያገናኝ ብረት የለውም። ለእኛ አካባቢ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛውና ወደ ዋናው ነገር መጣሁ።

የሐረር ሙዚቃ ጮክ ያለውንም ዝግ ያለውንም የሚያውቅ ነው። መንፈሳዊው ዝማሬ ዚክር ከረቡ በሚባለው ከበሮና በከበል ነው የሚሄደው፤ የእንጨት ከበል ሲጨበጨብ ከግቢ አልፎ ጎዳና ላይ ይሰማል። ለከረቡና ለከበል ሞንታርቦ አምጡ የሚለኝ ቢኖር እኔ እምቢ ባይ ነኝ። ዑድ ግን የቤት መሣሪያ ሆኖ ነው የኖረው። በባሕር ማዶ ከዓረብ አገር፣ በየመንና በዘይላ በኩል ከንግዱ ጋር የመጣ መሣሪያ ነው፤ ሶማሌ ወንድሞቻችን ካባን ይሉታል። በሐረሪ ቤት፣ ጊድር ጋር በሚባለው ዋና ክፍል ውስጥ፣ ነደባ በሚባለው መደብ ላይ የተቀመጡ ሰዎች መካከል ዑድ ሲመታ ምንም ማጉያ አይፈልግም። ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ የውጭውን ጫጫታ ያግዳል፣ ምንጣፉ ድምፁን ያለዝበዋል፣ ሁሉም ሰው ከመቺው ጥቂት ክንድ ቢርቅ ነው።

ዑዱን ከዚያ ክፍል አውጥተው ወደ መድረክ ካመጡት ሰዎች መካከል ዓሊ ቢራን የማያነሣ የለም። ድሬዳዋ ተወልዶ፣ በአፍረን ቀሎ የባህል ቡድን ውስጥ አድጎ፣ ዑዱን ይዞ በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በአማርኛ የዘፈነ ሰው ነው። በኋላ ክብር ዘበኛ ገባ፤ ከትላልቅ ባንዶች ጋርም ሠራ። በ2022 በኅዳር ወር መጀመሪያ ሲያርፍ ምሥራቁ ብቻ አይደለም ያዘነው። ቀረጻዎቹን በተለይ በጆሮ ማዳመጫ ብትሰሙ አንድ ነገር ታስተውላላችሁ። ዑዱና ድምፁ ብቻቸውን በሆኑባቸው ቦታዎች ዑዱ ይመልስለታል፣ ይጠይቀዋል። የነሐሱ መሣሪያና የኤሌክትሪኩ ጊታር ሲገቡ ደግሞ ዑዱ ወደ ኋላ ይሄዳል። ይህ በእሱ ችሎታ ማነስ የመጣ አይደለም፤ የዘመኑ ዕቃ ገደብ ነው። ዛሬ ያ ገደብ የለብንም።

ዑድ ፍሬት የለውም። ጣት ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ተንሸራትቶ ይሄዳል፣ ከሁለት ቁልፍ መካከል ያለውን ድምፅ ያገኛል። ሠርጋችን ላይ የሚጫወተው ኪቦርድ የዑድ ድምፅ የሚል ቁልፍ አለው። ቁልፉን ሲጫኑት የሚወጣው ግን አንድ ጊዜ ተቀድቶ የተቀመጠ የሌላ ሰው ዑድ ነው፤ መንሸራተቱንም የጎን መንኮራኩር በማዞር ነው የሚያስመስሉት። ኪቦርድ መቺዎች እንዳትቀየሙኝ፤ ሥራችሁን አከብራለሁ። ዑዱን ግን ለባለቤቱ መልሱለት።

ታዲያ ምን ዓይነት ዑድ ነው የሚሠራው? ጎዲን የሚባል የካናዳ ኩባንያ በመጠኑ የሳሳ ሆድ ያለው የኤሌክትሪክ ዑድ አውጥቷል፤ ጥሩ ዕቃ ነው። እሱን ግዙ ለማለት አልመጣሁም፤ ዋጋው በዶላር ነው። ከእሱ የሚቀዳው ሐሳቡ ነው። ትልቁን ጎድጓዳ ሆድ ሙሉ በሙሉ አላጠፋውም፤ ፉጨት እንዳያመጣ አሳሳው እንጂ። የቫዮሊኑ ሠሪዎች ብዙ ዓመት ከፍለው ያገኙት ትምህርት እዚህ ውስጥ አለ።

እኔ ባስበው መልክ ብንሠራው የክሩ ርዝመት መነካት የለበትም። የዓረቡ ዑድ 61 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ የቱርኩ 58.5። ምሥራቅ ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለቱንም አይቻለሁ። መቺው የለመደውን ልክ ከቀየራችሁበት ጣቱ ቤቱን ያጣል፤ ያን ዑድ አንድ ጊዜ ሞክሮ ያስቀምጠዋል። ፊቱ ስስ እንጨት ሆኖ ይቀጥል፤ ከሁለት ሚሊ ሜትር ብዙም ያልበለጠ። ሆዱ ይሳሳ፤ ጀርባውን ከብዙ ቅጥልጥል ጣውላ ማጠፍ ቀርቶ ከዋንዛ በተቦረቦረ ክፈፍና በጠፍጣፋ ጀርባ መሥራት ይቻላል። ዋንዛ ቀላል ነው፣ ለመላግም አያስቸግርም። ፊቱ ላይ ያለውን ቀዳዳ ጨዋታው ድንኳን ውስጥ ሲሆን በስፖንጅ መክደን ይቻላል፤ ይህ ብቻውን ፉጨቱን በእጅጉ ያስታግሰዋል። የዑድ ብርኩማ ብዙውን ጊዜ እንደ ቫዮሊኑ ቆሞ የሚነሣ ሳይሆን ፊቱ ላይ በኮላ የተጣበቀ ስለሆነ ፒዬዞ ከሥሩ ማስገባት አይቻልም። ስለዚህ ከውስጥ በኩል፣ ከብርኩማው ሁለት ጫፎች ትይዩ፣ አንዷን በወፍራሙ ክር በኩል፣ ሌላዋን በቀጭኑ በኩል ማጣበቅ ነው። አንዷ ብቻዋን ከሆነች የአንድ ወገን ክር ይበዛባታል። ሁለቱ ወደዚያች ትንሽ ሳጥን ይገባሉ፤ ሳጥኗም ላይ የድምፅ ማሳነሻና «ፌዝ» የሚባለውን የሚገለብጥ ማብሪያ ይኑርባት። ፉጨት ሲጀምር መጀመሪያ ያን ማብሪያ ገልብጡ፤ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል።

ይህን ሁሉ ስዘረዝር «ማን ይሠራዋል?» የሚል ጥያቄ ፊታችሁ ላይ አያለሁ። መኪና ግርግር ላይ ልብስ ሰፊዎቹ አንድ መንገድ ሙሉ ተደርድረው እንደሚሠሩ ሁሉ ይህም ሥራ የብዙ እጅ ነው። ሐረር አናጺ አላት፣ ሬዲዮ ጠጋኝ አላት፣ ዑድ መቺም አላት። ሦስቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው አያውቁም። አናጺው ስለ ሜጋ ኦም አልሰማም፤ ጠጋኙ ፊቱ ለምን ስስ እንደሆነ አልገባውም፤ መቺው ደግሞ የሚፈልገውን ድምፅ በጆሮው ያውቀዋል እንጂ ለሁለቱ የሚነግርበት አጋጣሚ አላገኘም። በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶች የምታስተምሩ መምህራን እዚህ እንዳላችሁ አይቻለሁ። የእንጨት ሥራ ክፍልና የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ተማሪዎቻችሁን ለአንድ የመመረቂያ ሥራ አጣምሯቸው። ለፈተና የሚበቃ ሒሳብ በውስጡ አለ፣ ለገበያ የሚበቃ ዕቃም ይወጣዋል።

ለባለሥልጣኖቻችን ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅ። በግንብ የታጠረችው የሐረር ከተማ ጀጎል በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ የተመዘገበው ግንቡ፣ በሮቹ፣ መስጊዶቹና ቤቶቹ ናቸው። ሸሪፍ የግል ሙዚየም ብርቅ የሆኑ ጽሑፎችንና ዕቃዎችን በአንድ ሰው ትጋት ሰብስቦ አቆይቶልናል። ቤታችን ያሉት ዑዶች ግን ተለክተው የተመዘገቡበት መዝገብ ቢኖር ደስ ይለኛል፤ የክሩ ርዝመት፣ የፊቱ ውፍረት፣ የሆዱ ጥልቀት፣ የሠራው ሰው ወይም የመጣበት አገር። አዲሱን የሚሠራ ሰው የሚነሣው ከዚህ ልክ ነውና። ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሜትር፣ ካሊፐር፣ ደብተርና ትዕግሥት ይበቃዋል።

ስለዚህ በዚሁ ልጨርስ። ግድግዳው ላይ ዑድ የተሰቀለበት ቤት ያላችሁ፣ ክሩ ተበጥሶም ይሁን ፊቱ ተሰንጥቆ፣ አትጣሉት፤ ለጌጥም ብላችሁ ቫርኒሽ አትቀቡት፤ ቫርኒሽ ፊቱን ያከብደዋል። ስትወጡ በሩ አጠገብ ያለው ደብተር ላይ ስማችሁንና ሰፈራችሁን ጻፉልን። ዑዱን ከቤት ሳናወጣ እዚያው መጥተን እንለካዋለን።